ዝቅ ያለ ፊደል ያገኘው ፅንስ

ፎቶግራፉ ያለው ወርቅ ቤታችን ውስጥ፣ ከባንኮኒው ሥር፣ የመፈተሻውን ጥቁር ድንጋይ በማስቀምጥበት መሳቢያ ነው። የእጅ መዳፍ የምታህል ወረቀት ናት። ግራጫ መደብ ላይ ሁለት ክቦች ይታያሉ። በግራ ያለው ትልቅ፣ ጥርት ያለ፣ ጠርዙ እኩል የሆነ ነው። በቀኝ ያለው አነስ ይላል፤ ደብዛዛ ነው፣ ውስጡም የተፈረፈረ ዳቦ ይመስላል። ከግራው ሥር «አራት፣ ኤ፣ ኤ» የሚል ምልክት አለ፤ ከቀኙ ሥር «ሦስት፣ ሲ፣ ሲ»። ባለቤቴ «ልጆቻችን» ይላቸዋል። እኔ «ፅንሶቹ» እላለሁ። እንዲህ ማለት ይቀለኛል።

አባቴ ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ ፒያሳ ከአንድ ወርቅ ሠሪ ሥር ሥራ የለመደ፣ በኋላም የራሱን ጠባብ ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ሳላስቀምጥ እሱ ጎን እቀመጥ ነበርና ሙያውን እዚያው ተማርኩ። ሰው ቀለበት ይዞ ሲመጣ ድንጋዩ ላይ ፈተግ አደርገዋለሁ። በተወው ጭረት ላይ አሲድ ጠብ አደርጋለሁ። ጭረቱ ከቆየ ወርቅ ነው፣ ከጠፋ መዳብ ነው። ሃያ ዓመት ከሠራሁ በኋላ ግን አሲዱን የማወጣው ለደንበኛው ደስታ ብዬ ነበር። ዕቃው ገና ከኪስ ሲወጣ አውቀዋለሁ። በዚህ ዓይኔ እኮራ ነበር፤ ኩራቴንም አልደብቅም ነበር። የጎረቤት ባለሱቆች «ከእሷ ፊት ጥርስህን እንኳ አታሳይ፣ የተለበጠ ከሆነ ትነግርሃለች» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

አባቴ ሁለት ሕግ ነበረው። ደካማውን ከጥሩው ጋር አታቅልጪ፤ ደካማውን ከጥሩው ጎን አትደርድሪ። «ሰው መደርደሪያሽ ላይ አንድ ደካማ ዕቃ ካየ ጥሩውንም ይጠረጥርብሻል» ይለኝ ነበር። እሱ ከሞተ ቆይቷል። ሕጉ ግን እኔ ውስጥ እንዳለ ቀረ፣ ላስወጣውም አስቤ አላውቅም።

ባለቤቴ የዚህ ተቃራኒ ነው። አምስት ኪሎ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተምራል። መስከረም ላይ ስሙን አስተካክሎ መጻፍ የማይችል ተማሪ ሰኔ ላይ ድርሰት ሲጽፍ ካየ ያን ክረምት ሙሉ ደስ ብሎት ይከርማል። የሰው ነገር ይዘገያል እንጂ አይቀርም ብሎ የሚያምን ሰው ነው። እኔ ቸኩዬ የሰበርኩትን እሱ ቀስ ብሎ ሲጠግን አሥራ ሁለት ዓመት በትዳር ኖርን።

አሥራ ሁለቱንም ዓመት ልጅ አልወለድንም። ሱቅ ውስጥ ለክርስትና የሚሆን ትንንሽ የአንገት መስቀል እሸጣለሁ። እናቶች ሕፃን ታቅፈው ይመጣሉ፤ ለአርባ ቀኑ፣ ለሰማንያ ቀኗ እያሉ ይመርጣሉ። እኔም ክሩን በሕፃኑ አንገት ላይ እለካለሁ። «አንቺስ መቼ ነው?» ይሉኛል ሲወጡ፣ በደግነት። «የኔን በትዕዛዝ ነው የማሠራው፣ ጊዜ ይፈልጋል» ብዬ አስቃቸዋለሁ። ከወጡ በኋላ ግን መስተዋቱን ስወለውል ብዙ እቆያለሁ።

አርባ አንድ ዓመት ሲሞላኝ ወደ ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሙ የመረመረኝ ቀን ነገሩን አላድበሰበሰም። «የቀረው እንቁላል ጥቂት ነው። አንድ ጊዜ እንሞክራለን። ከዚያ በኋላ ከእርስዎ ሌላ እንቁላል የምናገኝ አይመስለኝም» አለኝ። ስለዚህ አንድ ዕድል እንዳለን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። አላውቅም ነበር የምልበት አንድም መንገድ የለኝም።

ሆዴ በመርፌ ጠቃጠቆ እስኪሆን ተወጋሁ። ሰባት እንቁላል ወጣልኝ። ከባለቤቴ ዘር ጋር በላብራቶሪ ተገናኝተው አምስቱ ፅንስ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ያሉት ማለዳዎች ለጠላቴም አይስጥ። ፅንሶቹን የምትከታተለው የላብራቶሪ ባለሙያ በስልክ ትነግረናለች። አንድ ጠዋት አራት ናቸው አለች። በሌላው ጠዋት ሦስት ናቸው፣ አንዱ ቆሟል አለች። በአምስተኛው ቀን፣ ዓርብ ነበር፣ «ኑ፣ ሁለት አሉ» አለችን።

ባለሙያዋ ገና ወጣት ናት፤ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ እጇ ንጹሕ። ፎቶግራፉን ፊታችን አስቀመጠችና በእስክሪብቶዋ ጫፍ እያሳየች አስረዳችን።

«ቁጥሩ ፅንሱ ምን ያህል እንደ ሰፋ ነው የሚነግረን። የመጀመሪያው ፊደል ልጁን ለሚሠራው ለውስጡ የሕዋስ ክምር የምንሰጠው ነው። ሁለተኛው በኋላ እንግዴ ልጅ ለሚሆነው ለውጭው ሽፋን። ኤ ጥሩ፣ ቢ መካከለኛ፣ ሲ ደካማ ማለት ነው።»

«ስለዚህ ይሄ ይይዛል» አልኳት በግራ ያለውን እያሳየሁ።

«ጥሩ መልክ ያላቸው ብዙ ጊዜ የተሻለ ዕድል አላቸው። ግን ዕድል ነው፣ ፍርድ አይደለም። ኤ ኤ ሆኖ የማይይዝ አለ። ሲ ተብሎ ተወልዶ የሚሮጥም አለ። እኛ መልኩን ነው የምናየው፣ ውስጡን አይደለም።»

እኔ መቼ ሰማኋት! ፎቶግራፉን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ ደንበኛ እንዳመጣልኝ ዕቃ እያየሁት ነበር። ግራው ወርቅ ነው። ጠርዙ፣ ጥራቱ፣ እኩልነቱ፣ አባቴ ቢያየው በአድናቆት ራሱን ይነቀንቅ ነበር። የቀኙን አንዴ አየሁትና ጨረስኩ።

«ዛሬ ጥሩውን እናስገባለን። ሁለተኛው ዛሬ ለማቀዝቀዝ ደካማ ነው» አለች ባለሙያዋ። «ከፈለጋችሁ ግን እስከ ነገ ጠዋት እናቆየዋለን። አንዳንዱ ዘገምተኛ ነው፣ በስድስተኛው ቀን ይነሳል። ከተነሳ አቀዝቅዘን እናስቀምጥላችኋለን። የመጀመሪያው ካልያዘ ይጠቅማል።»

የመጀመሪያው ካልያዘ! ይህን ቃል ስሰማ ደሜ ፈላ። እኛ ቤት ልጅ ሳይወለድ ልብስ አይገዛም፣ ስም አይወጣም፣ ክፉውም ደጉም ቀድሞ አይነሳም። ይህች ልጅ ደግሞ ፅንሱ ማኅፀኔን ሳያይ ስለ ውድቀቱ ታወራለች።

«እናቆየው እንጂ» አለ ባለቤቴ። «ምን ይጎዳናል? ዘገምተኛ ነው እኮ ያለችው።»

«አታሟርት!» አልኩት። እሷ ፊት ነው ያልኩት። «ተተኪ የሚያዘጋጅ የመጀመሪያውን ያላመነ ሰው ነው። አንተ አታምንም?»

«አምናለሁ። ማመንና ማስቀመጥ ግን ምን ያጣላቸዋል?»

«ደካማን ከጥሩ ጎን አላስቀምጥም። አለቀ።»

ባለሙያዋ አቀርቅራ ቅጹን ገፋ አደረገችልን። ሁለት ሣጥን ነበረው። ይቆይ፤ አይቆይ። ሁለተኛው ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምኩና እስክሪብቶውን ለባለቤቴ ሰጠሁት። ትንሽ ያዘው። የእሱ ፊርማ ሰፊና ያማረ ነው፤ የዚያን ቀን ግን ጥግ ላይ ትንሽ አድርጎ ፈረመ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለቱም ነበሩ።

ፅንሱን ማስገባት ደቂቃዎች ቢወስድ ነው። በስክሪኑ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ብልጭ ብላ ቦታዋን ያዘች። ባለቤቴ ግንባሬን ሳመኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ከዚያም ወዲህ የለም።

ሐኪሙ እንደ ልብሽ ተራመጂ፣ ሥራሽን ሥሪ ብሎ ነበር ያሰናበተኝ። ግን አፍንጮ በር ያለው ቤታችን ስንደርስ አማቴ መጋረጃውን ጋርዳ፣ አልጋውን አንጥፋ ጠበቀችኝ። ሰባ ዓመት አልፏታል። አራስ ያደረገችኝ ሳልወልድ፣ እንዲያውም ሳላረግዝ ነው። «ልጄ፣ አንቺ አሁን ዕቃ ነሽ። ዕቃ አይንቀሳቀስም» አለችኝና ስልኬን ከእጄ ወስዳ አጠፋችው። «ክፉ ወሬ በዚህ ነው የሚገባው።»

«እሺ እማዬ፣ እንደ ፈለጉ» አልኳት። ደስ ብሎኝ ነው ያልኳት። በጠባዬ ሰው እንዲህ ሲያደርገኝ አልወድም ነበር። የዚያን ቀን ግን ከዓለም ክፉ ወሬ ሁሉ የሚጋርደኝ ሰው ባገኝ እግሩን እስም ነበር።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበርና ባለቤቴ ቤት ነው የዋለው። ጠዋት፣ አማቴ ለጸሎት ወደ ሥላሴ ከሄደች በኋላ፣ የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። ባለቤቴ ነው። ስልኩን ደረቱ ላይ አስጠግቶ በመዳፉ ሸፍኖታል። አፉን ከፈት አደረገ። ፊቱ ላይ ምን እንደ ነበረ አሁን ደጋግሜ ላስታውስ እሞክራለሁ። ደስታ ይመስለኛል፤ የፈራ ደስታ።

«ከክሊኒክ ነው?» አልኩት።

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«አልሰማም። ሟርት ከሆነ ይህን በር እንዳይሻገር። እዚያው ጨርሰው።»

«እሺ» አለና በሩን ቀስ አድርጎ፣ እንዳይጮህ እጀታውን ይዞ፣ ዘጋው። ሳሎን ውስጥ ሁለት ሦስት ቃል ሲናገር ተሰማኝ። ከዚያ ፓፓያ ቆርጦ በሳህን ይዞልኝ መጣና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ማን እንደ ደወለ፣ ምን እንደ ተባለ አልጠየቅኩትም። ፓፓያውን በላሁ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ጠበቅን። በመጀመሪያው ሳምንት ተኛሁ። በሁለተኛው አማቴን እየተለማመጥኩ ግማሽ ቀን ሱቅ መሄድ ጀመርኩ። አንዲት እናት ለሰማንያ ቀን ልጇ መስቀል ልትገዛ መጣች። ክሩን ስለካ የሕፃኗ አንገት ሞቅ ብሎ ጣቴን ነካኝ። ከመደርደሪያው ላይ አንዷን ቀጭን መስቀል አንስቼ ወደ መሳቢያ አስገባሁ። ልብስ አልገዛሁም፣ ስም አላወጣሁም፤ ይህችን ብቻ ለማንም አልሸጥኩም። ባለቤቴ በእነዚያ ቀናት ዝምተኛ ሆኖብኝ ነበር። ፈተና ስለሚያርም ደክሞት ነው ብዬ አሰብኩ።

የደም ምርመራው እርግዝና የለም አለ። ሐኪሙ ዓይን ዓይኔን እያየ ነገረኝ። «መልኩ በጣም ጥሩ ነበር። ለምን እንዳልያዘ አናውቅም። አዝናለሁ» አለ። ባለቤቴ እጄን ያዘ። እኔ አላለቀስኩም። እኔ ተናደድኩ። ወርቅ ነው ተብሎ ከሌላ ቦታ የገዛው ዕቃ ጠቁሮበት ወደ ሱቃችን የሚመጣ ሰው አለ፤ ልክ እንደዚያ ሰው ሆንኩ። ባለቤቴን ኮሪደሩ ላይ ትቼ ፎቶግራፉን ይዤ ባለሙያዋ ክፍል ገባሁ።

«ይሄን ኤ ኤ ብሎ የፈረደ ማን ነው?» አልኳት ጠረጴዛዋ ላይ ጥዬላት።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ታዲያ የታለ?»

ወንበር ሳበችልኝ፣ አልተቀመጥኩም። ዓይኗ ቀልቷል፤ ውጤቱን ከእኔ በፊት ሰምታለች። ማዘኗ ይበልጥ አበሳጨኝ። የምሰድበው ነገር ፈልጌ ፎቶግራፉን ሳይ የቀኙን አየሁት። ከዚያ ዕለት ወዲህ ደህና አድርጌ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

«ይሄንንስ? ያኔውኑ ጣላችሁት?»

«የምናስወግደው በማግስቱ ጠዋት ነው» አለች። ከዚያ ፎቶግራፉን ገለበጠችው።

«ንገሪኝ።»

«ከማስወገዴ በፊት አየሁት። ተነስቶ ነበር። ሰፍቶ፣ ጠርቶ ነበር። አራት፣ ቢ፣ ቢ ብዬ መዘገብኩት። የሚቀዘቅዝ ዓይነት ነበር።»

ወንበሩን ያን ጊዜ ነው የፈለግኩት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስልክዎ ዝግ ነበር። ለባለቤትዎ ደወልኩ። በጣም ደስ አላቸው። 'ቆዪ፣ እሷን ልጠይቃት' አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ተመለሱና 'በተፈረመው መሠረት ይሁን' አሉኝ። ያለ ሁለታችሁ ፈቃድ ላቆየው አልችልም ነበር።» ከዚያ ቶሎ ብላ ጨመረች፣ «ይይዝ ነበር ማለት አይደለም እኮ። እባክዎ እንደዚያ አያስቡ። ያም መልክ ብቻ ነው።»

ልክ ናት። እስከ ዛሬም ልክ ናት፣ አልይዝም ብሎ ሊቀርም ይችል ነበር። እኔ ግን የማስበው ሌላ ነው። ያ ትንሽ፣ የተፈረፈረ ዳቦ የሚመስል ነገር፣ እኔ አንዴ አይቼ የጨረስኩት፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሯል። ማንም ሳይጠብቀው ነው የተነሳው። ጠዋት ላይ ወሬው የመኝታ ቤቴ በር ድረስ መጣ። እኔ ይህን በር እንዳይሻገር አልኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለውም ለእኔ አልሠራም፤ እኔ ያፈሰስኩት አይለቀምም።

ስወጣ ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጉልበቱ ላይ የተማሪ ወረቀት ደርድሯል፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዟል፣ ግን አንዱንም አላረመም። ቀና ብሎ አየኝ። እንደዚያ ፈርቶ አይቼው አላውቅም።

«ምን አለችሽ?»

ገባኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ይህን ብቻውን ተሸክሞ ነበር። የመጀመሪያው እንዲይዝ የጸለየው ልጅ እንድናገኝ ብቻ አይደለም፤ እኔ ምን እንዳደረግኩ ሳላውቅ እንድቀር ጭምር ነው። አሁንም ሊነግረኝ አላሰበም። እስኪሞት ሊይዘው ነው።

«ምንም» አልኩት። «መልኩ ጥሩ ነበር አለች።»

ትከሻው ወረደ። ወረቀቱን ሰበሰበና ክንዴን ይዞ ወጣን። ወደ ፒያሳ በእግር ወረድን። የማውቃቸው ቤቶች የነበሩበት ቦታ ሰፊ አስፋልት ሆኗል፤ የድሮው መንገድ በየት እንደ ነበር ለሁለታችንም ጠፋን። «እዚህ ጋ ኬክ ቤት ነበር» አለኝ ሊያጫውተኝ። «ነበር» አልኩት። ሌላ ነገር አልተነጋገርንም።

ወራት አልፈዋል። ሱቅ እገባለሁ፣ እሸጣለሁ፣ ጎረቤቶቼ ይቀልዱብኛል፣ እመልስላቸዋለሁ። አሁን ግን ማንም ሰው ምንም ዕቃ ይዞ ቢመጣ ድንጋዩን አወጣለሁ፣ አሲዱን ጠብ አደርጋለሁ፣ እጠብቃለሁ። ዓይኔን አላምነውም። ባለፈው አንዲት ሴት የእናቷን ቀለበት አምጥታ «አንቺ እኮ ሳትፈትኚ ታውቂያለሽ ይላሉ» አለችኝ። «ይሳሳታሉ» አልኳት።

ቀጭኗ መስቀል አሁንም መሳቢያው ውስጥ ከፎቶግራፉ ጋር ናት። አማቴ ማልዳ ሥላሴ መሄዷን አልተወችም። ስትመለስ ፊቴን ታያለች፣ ምንም አትጠይቀኝም። ባለቤቴም አልተናገረም። እኔም አልተናገርኩም። እሱ ዝም ያለው እኔን ሊያተርፈኝ ነው። እኔ ዝም ያልኩት እሱን ላለማሳዘን ነው ብዬ ለራሴ ስነግር ከረምኩ። ውሸቴን ነው። ዝም ያልኩት ፈሪ ስለሆንኩ ነው። ከተናገርኩ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ ማለት አለብኝ፤ ይህን ቃል አፌ እምቢ አለ።

ስለዚህ ጻፍኩት። የምጽፈውን ሁሉ የሚያርምልኝ ባለቤቴ ነው። ለሱቁ ማስታወቂያም ይሁን ለቀበሌ ማመልከቻ፣ ፊደሌን ሳያስተካክልልኝ ከቤት ወጥቶ አያውቅም። ይህንንም ነገ ጠዋት ከቁርስ በኋላ እሰጠዋለሁ። ቀይ እስክሪብቶውን ይዞ ይቀመጣል፣ ከላይ ጀምሮ ያርማል፣ ያ ቅዳሜ ጋ ሲደርስ እጁ ይቆማል።

እዚያ ስትደርስ ማረሙን ተወው። ስልኩን ደረትህ ላይ ይዘህ ልትነግረኝ የመጣኸውን ንገረኝ። አልቆጣም።